«ሜሞሪ መመደብ አልተቻለም»፦ የፓወር ሲስተም ሲሙሌሽን በሜሞሪ ኤረር ሲወድቅ ከየት እንጀምር?

የኤሌክትሪክ ኔትወርካችሁን በኮምፒውተር የሚያስመስለው ሲሙሌሽን 60 ፐርሰንት ደርሷል። ትንሽ ተንቀሳቅሳችሁ ስትመለሱ ስክሪኑ ላይ አንዲት መስኮት ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። «ሜሞሪ መመደብ አልተቻለም» ትላለች። «እሺ» ከሚለው ቁልፍ በቀር ምርጫ የለም። እሺ ስትሉ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ የሦስት ሰዓት ሥራም አብሮት ይሄዳል።

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት እናደርጋለን። ደግመን እናስነሳዋለን። ሲወድቅብን «ራም ይጨመርልኝ» ብለን እንጠይቃለን። ራሙ ተገዝቶ ይመጣል፤ ኤረሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እኔም በዚህ አልፌአለሁ፤ አፈር ድሜ ከበላሁ በኋላ ነው የገባኝ።

መልእክቱ የሚለው «ኮምፒውተርህ ሜሞሪ የለውም» አይደለም። «ይህን ያህል ቦታ ጠየቅሁ፣ ተከለከልኩ» ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ አለብን። ከልካዩ ማነው? ጠያቂውስ ምን ያህል ነው የጠየቀው? ከልካዩ የፕሮግራሙ የራሱ ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ስታክ የሚባለው ጠባብ ቦታ ሞልቶም ይሆናል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱም ሊከለክል ይችላል። ጠያቂው ደግሞ አንዳንዴ በተሳሳተ ዳታ ምክንያት ያበደ ቁጥር ይጠይቃል፤ ያኔ ከልካዩ ልክ ነው።

1. መልእክቱን እንዳለ ያዙት፤ የት ላይ እንደወደቀም ጻፉ

«እሺ» ከማለታችሁ በፊት መልእክቱን ፎቶ አንሱት። ከዚያ የፕሮግራሙን ሎግ ፋይል ፈልጉ። መስኮቷ የምትነግራችሁ አጭሩን ነው፤ ሎጉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከኤረሩ በፊት የነበሩት ሁለት ሦስት መስመሮች አሉ። ቁልፉ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ቁጥር ካለ አትዝለሉት። ብዙ የሲሙሌሽን ሶፍትዌሮች ሆዳቸው ፎርትራን የሚባለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በኢንቴል ፎርትራን የተሠራ ፕሮግራም ቁጥር 41 ካላችሁ ቨርቹዋል ሜሞሪ አልበቃም ማለት ነው። ቁጥር 170 ካላችሁ ደግሞ ስታክ ሞልቷል። ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም። ለ170 ራም መጨመር እግሩ ለታመመ ሰው መነጽር እንደመግዛት ነው። ማትላብ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር በበኩሉ የተጠየቀውን መጠን ራሱ ይነግራችኋል፦ 100,000 በ100,000 የሆነ ማትሪክስ 74.5 ጊጋባይት ይፈልጋል ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ምርመራው እዚያው አለቀ፤ ሙሉ ማትሪክስ የፈጠረውን የኮድ መስመር መፈለግ ብቻ ይቀራል።

የወደቀበት ቦታም ብዙ ይናገራል። ፋይሉ ገና ሲከፈት ከወደቀ የሠንጠረዥ ገደብን ወይም የተበላሸ ፋይልን ጠርጥሩ። ሩን እንዳላችሁት ወዲያው ከወደቀ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት የሚፈልገውን ቦታ በአንድ ጊዜ ጠይቆ ነው፤ ይህ የታይም ስቴፕ (በሁለት ስሌቶች መሀል ያለው ጊዜ)፣ የቻናል (የሚቀዳ ውጤት) ብዛት ወይም የዳታ ስህተት ነው። መሀል ላይ ከወደቀ፣ በተለይ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ የሚከማች ነገር አለ። መጨረሻ ላይ፣ ውጤት ሲጻፍ ወይም ግራፍ ሲሳል ከወደቀ ደግሞ ሲሙሌሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ግራፍ የሚስለው ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ውጤቱ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ፎልደሩን ሳታዩ እንደገና አታስነሱ።

2. እየሮጠ ሳለ እዩት

ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዝርዝሩ ያለበት ገጽ ላይ ሂዱና የዓምዶቹ ርዕስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ። ከሚመጣው ምርጫ ውስጥ ሁለት ዓምዶችን ጨምሩ፦ ፕላትፎርም እና ኮሚት ሳይዝ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 ቢት ይነግራችኋል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ «የኔ ነው» ብሎ ያስመዘገበውን ሜሞሪ በሙሉ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ተራው የሜሞሪ ዓምድ ራም ላይ ያለውን ብቻ ስለሚቆጥር ያታልላል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሲሙሌሽኑን በፓይተን ስክሪፕት የምታስነሱት ከሆነ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ፓይተኑ ውስጥ ነው የሚጫነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የምትከታተሉት ሶፍትዌሩን ሳይሆን ፓይተንን ነው። ከኋላ የሚሠራ ሌላ ፕሮሰስ ካለም እሱንም እዩት፤ የሚታየው መስኮትና የሚያሰላው ሞተር ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች የሆኑባቸው ሶፍትዌሮች አሉ።

አሁን አስነሱትና ቁጥሩን ተከታተሉ። በአንድ ዝላይ ከፍ ብሎ ከወደቀ አንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር። በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ከሄደ ክምችት ወይም ፍሳሽ ነው። ቁጥሩ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ 300 ሜጋባይት ላይ ተኝቶ ሳለ ከወደቀ፣ ነገሩ ከራም ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ያኔ ሠንጠረዥ ወይም ስታክ ነው፤ ወደ 3 እና ወደ 7 ሂዱ።

3. ፕሮግራሙ የራሱ ገደብ አለው?

የቆዩ የፓወር ሲስተም ፕሮግራሞች ሜሞሪን የሚይዙት እንደ ቲያትር ቤት ወንበር ነው። ሲከፈቱ ይህን ያህል ባስ (የኔትወርኩ መገናኛ ነጥብ)፣ ይህን ያህል ብራንች (ሁለት ባስ የሚያገናኝ ላይን ወይም ትራንስፎርመር)፣ ይህን ያህል ማሽን ብለው ወንበር ይደረድራሉ። ሰው ሲበዛ ወንበር አይጨምሩም። ኮምፒውተራችሁ 128 ጊጋባይት ቢኖረው ለእነሱ ጉዳያቸው አይደለም።

ፒኤስኤስኢ የሚባለው የኔትወርክ ማጥኛ ፕሮግራም ላይ ሲነሳ የሚመረጥ የባስ መጠን አለ። ኔትወርኩ ከዚያ ከበለጠ ፋይሉ አይነበብም፤ መፍትሔው ትልቁን መጠን መርጦ እንደገና ማስነሳት ነው። ኤቲፒ በሚባለው የትራንዚየንት (የቅጽበታዊ ለውጥ) ፕሮግራም ላይ የሠንጠረዦቹ መጠን የሚወሰነው ሊስትሳይዝ በሚባለው ፋይል ነው። ሲሞላ ፕሮግራሙ የትኛው ዝርዝር እንደሞላ በቁጥር ይነግራችኋል፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ያንኑ ቁጥር ታሳድጋላችሁ። ሁሉንም በአንዴ በ10 አታባዙ። አንዳንዶቹ ሠንጠረዦች እርስ በርስ ስለሚባዙ ከአንድ ችግር ወደ ሌላ ትገባላችሁ።

የላይሰንስ ገደብም እንዳይረሳ። ለተማሪ የሚሰጡ እትሞች የኖድ ብዛት ይገድባሉ፤ ሁሉም ደግሞ በግልጽ ቋንቋ አይነግሯችሁም።

4. ባለ 32 ቢት ከሆነ

ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊጠራው የሚችለው አድራሻ በጠቅላላ 4 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ በተለምዶ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እስከ 4 የሚያገኘው ሲሠራ ልዩ ምልክት ከተደረገበት ነው።

ይባስ ብሎ ያ 2 ጊጋባይት እንኳ አንድ ወጥ ሜዳ አይደለም። የፕሮግራሙ ላይብረሪዎች እዚህም እዚያም ሰፍረውበታል። አንድ ትልቅ ማትሪክስ ደግሞ የሚፈልገው ያልተቆራረጠ ቦታ ነው። ስለዚህ በድምሩ 1 ጊጋባይት ነጻ እያለ የ600 ሜጋባይት ጥያቄ ሊከለከል ይችላል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ቪኤምማፕ የሚባል መሣሪያ አለ። ፕሮሰሱን ስትመርጡለት ነጻ ከሆነው ውስጥ ትልቁ ቁራጭ ስንት እንደሆነ ያሳያችኋል። ድምሩን ሳይሆን ያንን ቁጥር እዩ።

መፍትሔው ግልጽ ነው፦ ባለ 64 ቢት እትም ካለ እሱን ጫኑ። ግን ቀድማችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ። ራሳችሁ የጻፋችኋቸው ሞዴሎች፣ ወይም ከዕቃ አምራች የተቀበላችኋቸው የተዘጉ የኢንቨርተርና የሪሌ ሞዴሎች፣ በ32 ቢት ኮምፓይል ተደርገው ከሆነ 64 ቢት ላይ አይጫኑም። አምራቹ አዲስ ካልላከላችሁ አሮጌው እትም ላይ ታስራችሁ ትቀራላችሁ። ያኔ ያላችሁ ምርጫ ኔትወርኩን ማሳነስና ቻናል መቀነስ ነው።

5. ቻናሎቻችሁን ቁጠሩ

በትራንዚየንት ሲሙሌሽን ላይ የማየው ትልቁ ሜሞሪ በሊታ ኔትወርኩ ሳይሆን «ኋላ ሊያስፈልገኝ ይችላል» ተብሎ የሚቀዳው ነገር ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

ታይም ስቴፑ 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው እንበል። 10 ሰከንድ ስታስኬዱ 200,000 ስቴፕ ይሆናል። 500 ቻናል ትቀዳላችሁ። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ነው። ሲባዛ 800 ሜጋባይት ይመጣል። አሁን «ውጤቱ ሸካራ ነው» ብላችሁ ስቴፑን ወደ 5 ማይክሮ ሰከንድ አወረዳችሁት። 8 ጊጋባይት! ኔትወርኩ ላይ አንድ ሽቦ አልተጨመረም።

የሚያድነው ነገር የሚሰላበት ስቴፕና የሚቀዳበት ስቴፕ አንድ መሆን እንደሌለበት ማወቅ ነው። አብዛኞቹ የትራንዚየንት ፕሮግራሞች ሁለቱን ለየብቻ ያስመርጣሉ። በ5 ማይክሮ ሰከንድ እያሰላችሁ በ250 ብትቀዱ ያ 8 ጊጋባይት ወደ 160 ሜጋባይት ይወርዳል። የ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ በዙሩ 80 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ለቮልቴጅና ለከረንት ቅርጽ ይበቃል። የመብረቅ ወይም የስዊቺንግ ጥናት ከሆነ ግን አይበቃም፤ እዚያ የምትፈልጉት ጫፍ በሁለት ነጥቦች መሀል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ለእንደዚያ ያለው ሥራ የምታስኬዱትን ጊዜ አሳጥሩ። የመብረቅ ጥናት 10 ሰከንድ አይፈልግም።

ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ የቆየ ኮድ የአሬይን (የቁጥሮች ድርድርን) ቦታ የሚቆጥረው በ32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው። ያ ቁጥር ከ2,147,483,647 አያልፍም። ስቴፕ ሲባዛ በቻናል ከዚያ ካለፈ ቁጥሩ ይገለበጥና ኔጋቲቭ ይሆናል። 200,000 ስቴፕ በ12,000 ቻናል 2.4 ቢሊዮን ነው፤ አለፈ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ባይት የጠየቀ ፕሮግራም ስታዩ አትሳቁበት፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ የፈለገውን ያህል ራም ቢኖረው፣ ፕሮግራሙም ባለ 64 ቢት ቢሆን፣ አይረዳም።

6. የዳታ ስህተት ሜሞሪ ይበላል

ይህኛውን ጠንከር ብዬ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የትራንዚየንት ሞዴል ነበረኝ። 30 ድርብ ሰርኪዩት ላይኖች (እያንዳንዳቸው 6 ኮንዳክተር ያላቸው የማስተላለፊያ መስመሮች) አሉት። ታይም ስቴፑ 1 ማይክሮ ሰከንድ። ሩን ስለው ወዲያው ይወድቃል። ቻናል ቀነስኩ፤ ወደቀ። ሁሉንም ግራፍ አጠፋሁ፤ ወደቀ። ማሽን ቀየርኩ፤ ወደቀ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ላይን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩት። ሮጠ። ግን ታስክ ማናጀር ላይ ለአንዲት ላይን 80 ሜጋባይት ገደማ ሲጨምር አየሁ። ለአንድ ላይን!

ምን ሆኖ ነው? በተጓዥ ሞገድ የሚሠራ የላይን ሞዴል ሞገዱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እስኪደርስ ድረስ ያለፈውን ታሪክ ያስታውሳል። የሚያስታውሰው ርዝመት የጉዞ ጊዜው ለታይም ስቴፑ ሲካፈል የሚመጣው ነው። 250 ኪሎ ሜትር ላይን ላይ ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ 0.83 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በ1 ማይክሮ ሰከንድ ስቴፕ 833 ቁጥሮች ማለት ነው። 6 ኮንዳክተር፣ ሁለት ጫፍ፣ 8 ባይት፤ ሲባዛ 80 ኪሎባይት። ምንም አይደለም።

የላይን ርዝመቶቹን ያስገባሁት ግን ከኤክሴል ነበር። ኤክሴሉ ላይ የተጻፈው በሜትር፣ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው በኪሎ ሜትር። 250,000 ሜትር 250,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ ገባ። ምድርን ስድስት ጊዜ የሚዞር ላይን! 80 ኪሎባይቱ 80 ሜጋባይት ሆነ፤ በ30 ላይን ሲባዛ 2.4 ጊጋባይት። ፕሮግራሙ ደግሞ ባለ 32 ቢት ነበርና 2 ጊጋባይቱን አለፈ። ራም ጨምሬ ባለ 64 ቢት ላይ ብሮጠው ኖሮ ይባስ ነበር። ሮጦ ይጨርስና የተሳሳተ ውጤት ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም አምኜ እወስደው ነበር።

ስለዚህ ሩን እንዳላችሁት ወዲያው የሚወድቅ ሞዴል ሲገጥማችሁ ዩኒቶቹን ፈትሹ። ርዝመት፣ ታይም ስቴፕ፣ የሲሙሌሽን ጊዜ፣ የዲሌይ ብሎኮች። በሚሊ ሰከንድ የሚጠበቅ ዲሌይ በማይክሮ ሰከንድ ተጽፎ ገብቶ ከሆነ የታሪክ ቋቱ በ1,000 እጥፍ ያብጣል። እያንዳንዱን ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩና የላይኛዎቹን አምስት ብቻ እዩ። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

7. ስታክ ሲሞላ

ስታክ ማለት ፕሮግራሙ ለጊዜያዊ ሥራ የሚጠቀምባት ጠባብ ጠረጴዛ ናት። ዊንዶውስ ላይ በተለምዶ 1 ሜጋባይት ብቻ ናት፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 8። ራም ስትጨምሩ እሷ አትሰፋም።

ይህ ችግር የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ራሳችሁ ከጻፋችሁት ሞዴል ነው። መጠኑ ከውጭ በሚመጣ ቁጥር የሚወሰን ጊዜያዊ አሬይ ሳብሩቲን (የኮዱ ንዑስ ክፍል) ውስጥ ካለ ኮምፓይለሩ ስታክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። 400 በ400 የሆነ ባለ 8 ባይት ማትሪክስ 1.28 ሜጋባይት ነው፤ ጠረጴዛዋን ብቻውን ይሞላል። ምልክቱም ያስታውቃል፦ ትንሹ ኔትወርክ ላይ ይሮጣል፣ ትልቁ ላይ በዚያች ቅጽበት ይሞታል።

የማምንበት መፍትሔ አሬዩን አሎኬተብል ማድረግ ነው፤ ያኔ ቦታው ሂፕ ከሚባለው ሰፊ ሜሞሪ ይመደባል። ኮዱን መንካት ካልቻላችሁ ኢንቴል ፎርትራን ጊዜያዊ አሬዮችን ወደ ሂፕ የሚያዞር የኮምፓይለር አማራጭ አለው፤ ሂፕ አሬይስ ይባላል። ሊኑክስ ላይ በዩሊሚት ትእዛዝ ስታኩን ማስፋት ይቻላል። የስታኩን መጠን ራሱን ማሳደግ ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ ኔትወርኩ ሲያድግ ተመልሶ ይመጣል።

እዚሁ ላይ አንድ ተንኮለኛ ነገር ልጨምር። ሞዴላችሁ 100 ቦታ ባለው አሬይ ላይ 101ኛው ላይ ከጻፈ የጎረቤቱን ሜሞሪ ያበላሻል። ወዲያው ምንም አይሆንም። ከብዙ ስቴፕ በኋላ ምንም የማያውቅ ሌላ ክፍል ሜሞሪ ሲጠይቅ ይወድቃል፤ ኤረሩም በእሱ ስም ይመዘገባል። የወደቀው ሌላ፣ ያጠፋው ሌላ። የወደቀበት ቦታ በየሩኑ የሚቀያየር ከሆነ የአሬይ ወሰን የሚፈትሸውን የኮምፓይለር አማራጭ አብርታችሁ ሞዴሉን እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። ሲሙሌሽኑ ይዘገያል፤ ግን ጥፋተኛውን መስመር በቁጥሩ ይሰጣችኋል።

8. ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ

መጀመሪያ ማትሪክሱ። 10,000 ባስ ያለው ኔትወርክ ላይ የሎድ ፍሎው (የኃይል ፍሰት ስሌት) ጃኮቢያን ማትሪክስ ወደ 20,000 በ20,000 ይጠጋል። እንደ ሙሉ ማትሪክስ ከያዛችሁት 3.2 ጊጋባይት ነው። ግን አንድ ባስ የሚገናኘው ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ብቻ ነው፤ የተቀረው ዜሮ ነው። 15,000 ብራንች ቢኖር ዜሮ ያልሆኑት ወደ 160,000 ገደማ ናቸው። ስፓርስ አድርጋችሁ፣ ማለትም ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ፣ ከያዛችሁት ሁለት ሦስት ሜጋባይት ይበቃዋል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ዊልያም ቲኒና ጆን ዎከር በ1967 ባስ በምን ቅደም ተከተል ቢፈታ አዲስ የሚፈጠረው ቁጥር እንደሚያንስ ያሳዩት የያኔዎቹ ኮምፒውተሮች ሜሞሪ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ስላወቁ ነው።

ስፓርስ አድርጎ ጀምሮ መሀል ላይ ማበላሸትም አለ። ለሾርት ሰርኪዩት ብሎ የዋይባስን (የኔትወርኩን የአድሚታንስ ማትሪክስ) ኢንቨርስ መውሰድ ዋናው ነው። የስፓርስ ማትሪክስ ኢንቨርስ በአብዛኛው ሙሉ ነው። 10,000 ባስ ላይ በኮምፕሌክስ ቁጥር 1.6 ጊጋባይት ይወጣዋል። ፋክተር አድርጉና የምትፈልጉትን ባስ ዓምድ ብቻ ፍቱ፤ መልሱ ያው ነው።

ቀጥሎ ሉፑ። ኤን ሲቀነስ 1 ጥናት (አንድ ዕቃ ብቻ ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚለው) ላይ 5,000 ኮንቲንጀንሲ (የብልሽት ሁኔታ) ታስኬዳላችሁ፣ የእያንዳንዱን 10,000 ቮልቴጅ በፓይተን ሊስት ላይ ትጨምራላችሁ እንበል። ቁጥሩ ብቻ 400 ሜጋባይት ነው። ነገር ግን ባለ 64 ቢት ፓይተን ሊስት ውስጥ ያለ አንድ ፍሎት 24 ባይት፣ መጠቆሚያው 8 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 1.6 ጊጋባይት ይሆናል። የነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ) አሬይ ተጠቀሙ። ከዚያ የተሻለው የእያንዳንዱን ኮንቲንጀንሲ ውጤት ወዲያው ዲስክ ላይ ጽፎ መርሳት ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቁጥሩ እየወጣ ከሄደ ፍሳሹ ሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ልትጠግኑት አትችሉም። ያኔ ሥራውን በ200 በ200 ከፋፍሉትና እያንዳንዱን ክፍል በአዲስ ፕሮሰስ አስነሱ። ፕሮሰሱ ሲዘጋ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሁሉንም ሜሞሪ ይረከባል። ብልጠት የለውም፣ ግን ሁልጊዜ ይሠራል።

ፓራለል ስታስኬዱ ማባዛቱን አትርሱ። አንዱ 1.5 ጊጋባይት ከፈለገ ስምንቱ 12 ይፈልጋሉ። 16 ጊጋባይት ማሽን ላይ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ከተከፈተው ብራውዘር ጋር ተጋፍተው ነው። ስምንት ኮር ስላለ ስምንት ማስነሳት ግዴታ አይደለም። በአምስት የሮጠ፣ በስምንት ከወደቀ ይሻላል።

9. አሁን ስለ ራም ማውራት ይቻላል

ፕሮግራሙ ባለ 64 ቢት ነው፣ ዩኒቶቹ ልክ ናቸው፣ ቻናሎቹ ተቀንሰዋል፣ አሁንም ይወድቃል። ታስክ ማናጀር ላይ የፐርፎርማንስ ገጽ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ኮሚትድ የሚለው ሥር ሁለት ቁጥር በሰያፍ መስመር ተለይቶ አለ። ግራው የተመደበው፣ ቀኙ ጣሪያው ነው። ጣሪያው ማለት ራምና ፔጅ ፋይል (ራም ሲያንስ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) ተደምረው ነው። ግራው ከቀኙ ጋር ሲገጥም ዊንዶውስ ይከለክላል።

ፔጅ ፋይሉን ለፍጥነት ብሎ ያጠፋ ሰው ካለ መልሱት፤ መጠኑንም ዊንዶውስ ራሱ እንዲወስን ተዉት። ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ መኖሩንም እዩ፤ ዲስኩ ከሞላ ፔጅ ፋይሉ አያድግም። ነገር ግን ሲሙሌሽን በፔጅ ፋይል ላይ ሲሮጥ እጅግ ይንቀረፈፋል። በየቀኑ የሚሠራ ጥናት ከሆነ ያኔ ራም ግዙ። «ራም ይጨመርልኝ» ለሚለው ደብዳቤም አሁን ቁጥር አላችሁ።

ሊኑክስ ጠባዩ ሌላ ነው። ስትጠይቁት እሺ ይላል፤ ቦታውን መጠቀም ስትጀምሩ ከሌለው ፕሮሰሱን ይገድለዋል። የምታዩት «ተገደለ» የሚል አንዲት ቃል ብቻ ነው። የሲሙሌሽኑ ሎግ ላይ ምንም ከሌለ የከርነሉን መዝገብ አንብቡ፤ ማን መቼ እንደተገደለ እዚያ ተጽፏል። የጋራ ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራውን ስታስገቡ የጠየቃችሁት የሜሞሪ መጠን ራሱ ገደብ ነው።

10. አሁንም ካልተገኘ፣ ግማሹን ሰርዙ

ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ዋናውን አትንኩ። ከኮፒው ላይ የኔትወርኩን ግማሽ ቁረጡና የተቆረጠበት ቦታ ላይ አቻ ሶርስ (የተቆረጠውን የሚተካ የኃይል ምንጭ) አስቀምጡ። አስነሱት። ከወደቀ ችግሩ በቀረው ግማሽ ነው፤ ካልወደቀ በተቆረጠው። እንደገና ግማሹን። 1,000 ኤለመንት ያለው ሞዴል በ10 ሙከራ ወደ አንድ ኤለመንት ይወርዳል። የሲሙሌሽኑን ጊዜ ወደ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ካሳጠራችሁት እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

በየሙከራው ኮሚት ሳይዙን ጻፉት። መውደቁን ብቻ ካያችሁ «ሁለቱም ግማሽ ሮጠ» የሚል ግራ የሚያጋባ ውጤት ሊገጥማችሁ ይችላል። የእኔ 30 ላይኖች እንዲህ ነበሩ፤ 15ቱ ብቻቸውን ይሮጣሉ። ቁጥሩን ብጽፍ ኖሮ 15 ላይን 1.2 ጊጋባይት መብላቱን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር።

ወደ ሶፍትዌሩ ድጋፍ ሰጪዎች የምትጽፉ ከሆነ በመጨረሻ የቀረችውን ትንሿን ፋይል ላኩላቸው። የመልእክቱን ፎቶ፣ ሎጉን፣ የሶፍትዌሩን እትም ከነቢቱ፣ የኮምፓይለሩን ስምና እትም፣ የኮሚት ሳይዝ ቁጥሩንም ጨምሩ። ከእሷ አንድ ኤለመንት ብቻ ተቀንሶ የሚሮጠውንም ፋይል አብራችሁ አያይዙ።